ቅጠሉ የማይረግፍ የቤት አጥር፤ የጃፓኑ ቁጥቋጦና የደጋችን ቀጨሞ

እንግዳ ወደ አንድ ቤት ሲመጣ ከባለቤቶቹ በፊት የሚያገኘው አጥሩን ነው። በሩ ሳይከፈት፣ ቡናው ሳይፈላ፣ አባወራውም ለመቀበል ሳይነሣ፣ የቤቱን ጠባይ አስቀድሞ የሚናገር አጥር ነው። አጥሩ የተጠበቀ ቤት በውስጡ ሥርዓት እንዳለ ያስታውቃል፤ አጥሩ የፈረሰ ቤት ግን ጓሮው የመንገደኛና የከብት መተላለፊያ ይሆናል። ነቢዩ ኢሳይያስም ስለ ወይኑ ቦታ በተናገረው ምሳሌ የጥፋቱ መጀመሪያ የአጥሩ መነሣት እንደ ሆነ እናስታውሳለን። ስለዚህ በዚህ ወር ለውድ አንባብያን ቤተ ሰቦች ስለ አጥር፣ ይልቁንም በክረምትም ሆነ በበጋ ቅጠሉ ስለማይረግፍ ሕያው አጥር ጥቂት ለመናገር ወደድን። ለምሳሌ የምንወስደው በአዊ ዞን የምትገኘውን ጥሊሊንና አካባቢዋን ነው፤ ነገሩ ግን ለደጋ ነዋሪ ሁሉ የሚጠቅም ነው ብለን እናምናለን።

ጥሊሊ ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ያለች የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አገሩ ደጋ፣ ዝናሙ ብዙ፣ አፈሩም ቀይና ኮምጣጣነት ያለው ነው። የአዊ ደጋ በቀርቀሃው የታወቀ ስለ ሆነ ብዙ ሰው አጥሩን የሚያጥረው ቀርቀሃ ሰንጥቆና አታትቶ ነው። የተታታ የቀርቀሃ አጥር አዲስ በሆነ ጊዜ እንደ ጌጥ ያምራል፤ ዳሩ ግን የሞተ እንጨት ስለ ሆነ ሥሩ ከእርጥብ አፈር ጋር እንደ ተገናኘ ዝናምና ምስጥ ይበሉታል። ጥቂት ዓመታት አልፈው እንደ ገና ማደስ ግድ ይሆናል። ጉልበት ላለው ሰው ይህ የጥቂት ቀን ሥራ ነው፤ ባል ለሞተባት እናትና ለደከሙ ሽማግሌ ግን በየጊዜው የሚመለስ ዕዳ ነው። አጥሩም ሳይታደስ በቀረበት ክረምት የጎረቤት በግ ጎመኑን ይበላል፤ ድንቹ ይረገጣል፤ ከዚያም በትንሽ ነገር የጎረቤት ፍቅር ይቀዘቅዛል።

ሕያው አጥር ግን ከዚህ የተለየ ነው። የሞተው አጥር ዕድሜው በጨመረ ቍጥር ሲደክም፣ ሕያው አጥር ዕድሜው በጨመረ ቍጥር ይበረታል። ሥሩ አፈሩን ጎርፍ እንዳይወስደው ይይዛል፤ ቅጠሉ ነፋስን ያበርዳል፤ ከመንገድ የሚነሣውን አቧራ ወደ ቤት እንዳይገባ ያስቀራል። ይህንንም ጥቅም ዓመቱን ሙሉ የሚሰጠው ቅጠሉ የማይረግፈው ዓይነት ነው፤ ቅጠሉን የሚያራግፍ ተክል ነፋሱና አቧራው በሚበረታበት በበጋ ወራት ራቁቱን ይቆማልና።

ይሁን እንጂ ሕያው አጥር ከሞተው አጥር የሚከፋበት አንድ ጊዜ አለ፤ ይኸውም በሙሉ በአንድ ጊዜ ሲታመም ነው። ይህንንም ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዲከረንስ የተባለው ከአውስትራልያ የመጣ የግራር ዘር በአዊ ምን ያህል እንደ ተስፋፋ የማያውቅ የለም። በፋግታ ለኮማና በአጎራባች ወረዳዎች ያሉ ገበሬዎች በገዛ ማሳቸው እየተከሉ፣ በመጀመሪያው ዓመት ከመካከሉ ጤፍ እየዘሩ፣ ዛፉም አራትና አምስት ዓመት ሲሞላው እያከሰሉ በመሸጥ ብዙዎች ቤት ሠርተውበታል፤ ልጆቻቸውንም አስተምረውበታል። ዳሩ ግን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዋግ የሚባለው ዓይነት የፈንገስ በሽታ ገብቶበት ብዙ ተክል አደረቀ። ዛፉ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለ ነበረ በሽታው ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ሲሻገር የሚከለክለው አላገኘም።

በየከተማው ቅጥር ዙሪያ ተቈርጦና ተስተካክሎ የምናየው የፈረንጅ ጥድም ታሪኩ ከዚህ የራቀ አይደለም። ይህ ጥድ የትውልድ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ሲሆን ቶሎ ስለሚያድግና መቀስ ስለሚቀበል በአገራችን ከሁሉ ይልቅ የተለመደ የአጥር ተክል ሆኗል። ሆኖም የጥድ ክሽክሽ የምትባል ትንሽ ተባይ እ.ኤ.አ. በ1986 በማላዊ ታየች፤ በ1990 ወደ ኬንያ ደረሰች፤ በኋላም ወደ አገራችን ገባች። ይህች ተባይ የቅርንጫፉን ፈሳሽ እየመጠጠች አጥሩን ቡናማ አድርጋ ታደርቀዋለች። የፈረንጅ ጥድ ደግሞ አንድ ጕድለት አለው፤ ቅጠል ከሌለው አሮጌ እንጨቱ ላይ እንደ ገና አያቈጠቍጥም። ስለዚህ አንድ ጊዜ የደረቀ ወይም ከልክ በላይ የተቈረጠ ጐኑ ክፍት ሆኖ ይቀራል። በአጥር መካከል የተከፈተው ቀዳዳም ለበግ በር ነው።

ይህ መከራ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት አንባብያንን ለጥቂት ጊዜ ወደ አውሮፓ እንውሰድ። የአውሮፓ ሰዎች ለብዙ መቶ ዓመታት የአትክልት ቦታቸውን ያጠሩበት ቁጥቋጦ በላቲን ስሙ ቡክሱስ ይባላል። ቅጠሉ ትንሽና ጥቅጥቅ ያለ፣ ክረምት ከበጋ የማይረግፍ፣ በመቀስ እንደ ግድግዳ ቢያስተካክሉት የማይከፋው ተክል ነው። የቤተ መንግሥቱም፣ የገዳሙም፣ የተራው ሰውም አትክልት ጠርዙ በቡክሱስ የታጠረ ነበር። በአገራችንም የዚሁ ወገን የሆነ አንድ ዓይነት ቁጥቋጦ በምሥራቁ ክፍል በደረቃማ ተራሮች ላይ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ግን በእንግሊዝ አገር የቡክሱስን ቅጠል የሚያራግፍ፣ በግንዱም ላይ ጥቁር መስመር የሚያወጣ የፈንገስ በሽታ ታየ። ይህ በሽታ በእርጥበት ጊዜ ፈጥኖ ይዛመታል። ከዚያ በኋላ ደግሞ በ2007 ገደማ ከምሥራቅ እስያ የመጣች የእሳት ራት በጀርመን ተገኘች፤ አባጨጓሬዋም ቁጥቋጦውን እስኪመለጥ ድረስ የምትበላ ሆነች። እነዚህ ሁለት ጠላቶች ስንት ዘመን የቆየውን አጥር በጥቂት ወራት ውስጥ አደረቁት። አትክልተኞቹም በእርሱ ፋንታ የሚተከል ሌላ ተክል ለመፈለግ ተገደዱ።

ካገኟቸውም አንዱ የጃፓን ኢሌክስ የሚባለው ነው። ኢሌክስ ማለት በአውሮፓ የልደት ካርዶች ላይ ባለ እሾህ ቅጠሉና ቀይ ፍሬው የሚሳለው ተክል የሚገኝበት ወገን ነው። የጃፓኑ ግን ቅጠሉ እሾህ የለውም፤ ርዝመቱ ከአንድ እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር ሆኖ ጠርዙ በጥቂቱ የተሸረፈ ነው፤ ፍሬውም ጥቁር ነው። ከሩቅ ያየው ሰው ቡክሱስ ነው ብሎ ይሳሳታል። ቀርቦ ያየ ግን ይለየዋል፤ የቡክሱስ ቅጠሎች ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲወጡ የኢሌክሱ ቅጠሎች እያፈራረቁ አንድ አንድ ሆነው ይወጣሉ። የቡክሱስን በሽታ አይይዝም፤ መቀስም ይታገሣል፤ በዝግታ ስለሚያድግ አዘውትሮ መቍረጥ አያስፈልገውም።

የዚህ ተክል ስም የሚያስገርም ነው። ጃፓኖች እውነተኛውን ቡክሱስ ጹጌ ይሉታል፤ ማበጠሪያም ይሠሩበታል። ይህንን ኢሌክስ ግን ኢኑጹጌ ብለው ሰየሙት፤ ትርጓሜውም የውሻ ጹጌ፣ ማለትም ከእውነተኛው የሚያንስ ማለት ነው። እንግዲህ በአገሩ የውሻ ስም የተሰጠው ተክል ዛሬ በባዕድ አገር የጌታው ምትክ ሁን ተብሎ ተጠራ።

አሁን አንባቢ ምናልባት ይህን ተክል ወደ ጥሊሊ አምጥተን እንትከለው ወይ ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። በአንድ በኩል ሲታይ የሚቻል ይመስላል፤ የጃፓኑ ኢሌክስ ኮምጣጣ አፈር የሚወድ ሲሆን የአዊ ደጋ አፈርም እንደዚያው ነውና። በሌላ በኩል ግን ውሃ የሚተኛበትን መሬት ፈጽሞ አይወድም፤ ሥሩ በፈንገስ ይበሰብሳል። የጥሊሊ ክረምት ደግሞ እንዴት ያለ እንደ ሆነ ነዋሪው ያውቀዋል። ከሁሉም በላይ ከውጭ አገር ችግኝ ወይም ቅርንጫፍ ያለ መንግሥት ምርመራና ፈቃድ ማስገባት በሕግ የተከለከለ ነው፤ መከልከሉም በከንቱ አይደለም። የቡክሱስ የእሳት ራት ወደ አውሮፓ የገባችው ለንግድ በተጫነ ተክል ላይ ተቀምጣ ነው። በሻንጣ ተደብቆ የመጣ አንድ ቅርንጫፍ ለአንድ ቤት ጌጥ፣ ለአንድ ወረዳ ግን መቅሠፍት ሊሆን ይችላል።

ይልቁንም ከጃፓኑ ተክል የምንማረው ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም በአጠገባችን ያለውን የተናቀ ቁጥቋጦ ማየት ነው። የኢሌክስ ወገን በእኛም አገር አለ፤ በደጋ ደኖች ውስጥ የሚበቅለው፣ በአንዳንድ ስፍራ ምስር ገንፎ የሚባለው ዛፍ የዚሁ ዘመድ ነው። እርሱ ግን ትልቅ ዛፍ ስለሚሆን ለአጥር አይመችም። ለአጥር የሚመቸው ሌላ ነው፤ ስሙም ቀጨሞ ይባላል።

ቀጨሞን አባቶቻችንና እናቶቻችን የሚያውቁት ለመድኃኒትነቱ ነው፤ ፍሬው እንደ ኮሶና እንደ እንቆቆ ለኮሶ ትል ይወሰድ ነበር። ከእንቆቆም ጋር የሥጋ ዝምድና አለው። ዛሬ የሕክምና ቤት መድኃኒት ስላለ በግምት መጠን መውሰዱ የማይመከር ነው። ቁጥቋጦው ግን ከመድኃኒትነቱ በቀር በብዙዎች ዘንድ እንደ ተራ ጫካ ስለሚቈጠር ማንም ልብ ብሎ አይመለከተው። ነገር ግን ቅጠሉን አንሥተን ብናይ ከጃፓኑ ኢሌክስ እጅግ የሚመሳሰል ነው፤ ትንሽ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እያፈራረቀ የሚወጣ፣ ጠርዙ በጥቂቱ የተሸረፈ፣ ዓመቱን ሙሉም የማይረግፍ ነው። ቁመቱ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር ነው። በደቡብ አፍሪካና በካሊፎርኒያ አትክልተኞች የአፍሪካ ቡክሱስ የሚል ስም ሰጥተው በአጥርነት ይተክሉታል። እኛ ከደን ዳር እያየን የምናልፈውን ሌላው ዓለም በገንዘቡ ገዝቶ ደጁን ያስጌጥበታል።

እንግዲህ ቀጨሞን ለመትከል የሚወድ ቤተ ሰብ እንደሚከተለው ያድርግ። ፍሬው ወደ ቀይ ወይም ወደ ሐምራዊ በተለወጠ ጊዜ ይለቀም፤ ሥጋው ታሽቶና ታጥቦ ዘሩ ሳይቆይ በጥላ ሥር በተዘጋጀ መደብ ላይ ይዘራ። ቀጨሞ የሚያቈጠቍጠው በዝግታ ስለ ሆነ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አልታየም ብሎ መደቡን መገልበጥ አይገባም። ከበሰለ ቅርንጫፍ ጫፍ ቈርጦም ማፍላት ይቻላል፤ ይኸውም ትዕግሥት ይጠይቃል። ችግኙ በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ጠንክሮ ካደገ በኋላ ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ መጀመሪያ ላይ በደንብ በተቈፈረና የበሰበሰ ፍግ በተቀላቀለበት መስመር ይተከል። በአንዱና በሁለተኛው መካከል ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ለምሳሌ የደጁ ርዝመት 20 ሜትር የሆነ ቤት፣ በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ቢተክል ሃምሳ ያህል ችግኝ ያስፈልገዋል። ውሃ የሚተኛበት ቦታ ከሆነ መስመሩን በትንሹ ከፍ አድርጎ መደልደል ያሻል።

አሮጌውን የቀርቀሃ አጥር ወዲያው ማፍረስ ስሕተት ነው። ሽማግሌው አጥር ሕፃኑን አጥር እንዲጠብቅ መተው ይገባል። ቀጨሞ እስኪጠነክር ጥቂት ዓመታት ስለሚፈልግ ቀርቀሃው ከበግና ከፍየል ይከላከልለታል፤ ቀርቀሃው በስብሶ በሚወድቅበት ጊዜም ሕያው አጥር በስፍራው ቆሞ ይገኛል። በዚህም መንገድ ቤቱ አንድም ክረምት ያለ አጥር አይቀርም።

የአቈራረጡም ነገር ዕውቀት ይጠይቃል። ብዙ ሰው አጥሩ እስኪረዝም ጠብቆ በኋላ አናቱን ይቈርጣል፤ ከዚህም የተነሣ ላዩ ደን፣ ታቹ ባዶ ይሆናል። ትክክለኛው ግን ችግኙ ገና ክንድ ሳይሞላ ጫፉን በጥቂቱ መቍረጥ ነው፤ ያን ጊዜ ከታች ቅርንጫፍ ያበዛል። ሲያድግም የአጥሩ ሥር ሰፊ፣ አናቱ ጠባብ ሆኖ ይስተካከል፤ አናቱ ከሰፋ በታች ያለው ቅጠል ብርሃን አጥቶ ይረግፋልና። የመቍረጫው ጊዜ ዋናው ዝናም ካለፈ በኋላ በመስከረም መጨረሻ ቢሆን መልካም ነው። በኃይለኛ ዝናም ወቅት የተቈረጠ ቍስል ለፈንገስ በር ይከፍታል፤ ዘግይቶ በኅዳርና በታኅሣሥ የተቈረጠውን ደግሞ ለጋ ቅጠሉን ውርጭ ያገኘዋል። የታመመ ተክል የተቈረጠበት መቀስም ሳይጠረግ ወደ ጤነኛው አይሂድ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ቀጨሞ መልካም ነው ብለን ጥሊሊ ሁሉ ቀጨሞ ብቻ ይትከል ብንል፣ የቡክሱስንና የዲከረንስን ስሕተት በአዲስ ስም መድገም ይሆንብናል። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እንደ ተባለ፣ አጥርም ከአንድ ዓይነት ሁለትና ሦስት ዓይነት ቢሆን ይበረታል። ቀጨሞ አጭር ስለ ሆነ ለፊት ለፊት ደጅና ለአትክልት መደብ ጠርዝ ይስማማል። ከፍ ያለ አጥር ለሚያስፈልገው ወገን ክትክታ አለ፤ ቅጠሉ አይረግፍም፤ ፍየልም እምብዛም አይደፍረውም፤ ዘሩም ከመዘራቱ በፊት በሙቅ ውሃ ቢዘፈዘፍ ቶሎ ይበቅላል። ለልጅ ልጅ የሚያስብ ሰው በመካከሉ ወይራ ይጨምር። ከብት በሚገፋበት በጓሮ በኩል ደግሞ ቀጋና ኮሽም በእሾሃቸው ይጠብቃሉ። እንዲህ የተቀላቀለ አጥር አንዱ ቢታመም ሌላው ቦታውን ይሸፍናል፤ በሽታውም ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ አይሻገርም።

ዘሩ ከወዴት ይገኛል የሚል ጥያቄ ቢነሣ፣ የደጋ ዕፀዋት ተጠብቀው የቆዩት በብዛት በአብያተ ክርስቲያናት ዐጸድ ውስጥ ነው። በዚህ ነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከቤተ ክርስቲያን ደን ችግኝ መንቀል የነገውን ደን መንቀል ነው፤ የአስተዳዳሪውን ፈቃድ ጠይቆ ከብዙ ቁጥቋጦ ጥቂት ጥቂት ፍሬ መልቀም ግን ጕዳት የለውም። በደቡብ ጎንደር ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከአሜሪካዊቷ ሊቅ ከዶክተር ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ያስጀመሩት ሥራ ለዚህ ምሳሌ ነው። በዚያ ምእመናን ከየማሳቸው ድንጋይ ለቅመው በደኑ ዙሪያ ካብ ካቡ፤ ከብት መግባቱ ስለ ቀረ ከዛፎቹ ሥር ችግኝ ለመብቀል ዕድል አገኘ፤ ማሳውም ከድንጋይ ጸዳ። አጥር የሠሩለት ደን ለሠሪው መልሶ ዘር ይሰጣል ማለት ነው።

በመጨረሻም አጥር የሚተክል ሰው ከመትከሉ አስቀድሞ ከጎረቤቱ ጋር መነጋገር ይገባዋል። መስመሩ ከወሰን ጥቂት ገባ ብሎ ቢተከል ተክሉ ሲሰፋ ወደ ሰው መሬት አይገባም፤ ሁለቱንም ወገን ለመቍረጥም ያመቻል። ከዚህም የሚሻለው ሁለቱ ጎረቤቶች ተስማምተው አንድ አጥር በጋራ ቢተክሉ ነው፤ አንዱ ቀጨሞውን፣ ሌላው ክትክታውን ያፍላ፤ ጕድጓዱንም አብረው ይቈፍሩ። በዚህ ዓመት በሐምሌ የሚተከለው ችግኝ እንደ ጣት ቀጭን ነው፤ ዛሬ በእናቱ ጀርባ ላይ ያለው ሕፃን ትምህርት ቤት በሚገባበት ጊዜ ግን አጥሩ ወገቡን ሞልቶ፣ በክረምትም በበጋም ለምልሞ ይጠብቀዋል። ያን ጊዜ ባል የሞተባት እናት ቀርቀሃ የሚያታታላት ሰው አትፈልግም፤ የሚያስፈልጋት በዓመት አንድ ቀን መቀስ የሚይዝ የልጅ እጅ ብቻ ነው።